ከላስቲኩ ስር ያየሁት ጠብታ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። እናቴ አታውቀውም። አብረውኝ የሚሠሩት አያውቁትም። በየጊዜው ፊታቸው ቀርቤ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን የምናዘዝላቸው የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁትም፤ ከእሳቸው ለምን እንደደበቅሁት ስትደርሱበት ታዩታላችሁ። እናንተ የምታነቡት ሰዎች ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ድፍረት የሰጠኝም አለማወቄ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልንገራችሁ። እያነበባችሁ "ልጅ ነበር፣ አላወቀም" እንዳትሉልኝ። አውቅ ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ይህን የሚያስጽፈኝ ሐዘን አይደለም፤ ንዴት ነው። የተናደድሁትም በራሴ ነው።

ሥራዬ ወለል ማንጠፍ ነው። ላሚኔት የሚባለውን፣ እንጨት የሚመስለውን ወለል። ማንም አላስተማረኝም። ደሴ ቀለም ቀቢዎች ስር ስሠራ ሌሎች ሰዎች ሲያነጥፉ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ በስልኬ ቪዲዮ እየከፈትሁ፣ የሚናገሩት ቋንቋ ሳይገባኝ እጃቸውን ብቻ እያየሁ ተማርሁ። አንዷን የእጅ እንቅስቃሴ እስክትገባኝ ወደ ኋላ እየመለስሁ አያታለሁ። ብዙ አልናገርም፤ ልኬት ግን አይስተኝም። ወደ ትውልድ ከተማዬ፣ ወደ ወሎ ቦረናዋ መካነ ሰላም ስመለስ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ከተማው "ኢንጂነር" አለኝ። አንድም ቀን "ኢንጂነር አይደለሁም" ብዬ አልመለስሁም። ደስ ይለኝ ነበር።

የሆነው እንዲገባችሁ ስለ ወለሉ ጥቂት ልንገራችሁ። ይህ ወለል እንደ ሴራሚክ በሲሚንቶ አይያዝም፤ እንደ ጣውላም በምስማር አይመታም። ቁርጥራጩ ጠርዝ ለጠርዝ ተቆላልፎ፣ ከስሩ ስስ ፎም ተነጥፎለት፣ በሲሚንቶው ሊሾ ላይ እንዲሁ ተኝቶ ይኖራል። ከምንም ጋር አልተያያዘም። ውስጡ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከግድግዳው ዳር ጣት የምታህል ክፍተት የሚተውለት እንደ ልቡ እንዲላወስ ነው፤ ክፍተቷን ዞኮሎው፣ በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው እንጨት፣ ይሸፍናታል። ይህን ወለል የሚያበላሸው ውሃ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከላይ የሚፈስበት ነው። ሁለተኛው ከስር፣ ካልደረቀ ሊሾ እየተነነ የሚወጣው ነው። የላዩን ሁሉም ሰው ያየዋል። የስሩን የሚያውቀው ያነጠፈው ሰው ብቻ ነው። ያነጠፈው ሰው ደግሞ እኔ ነበርሁ።

ጌታሁን አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል። ሊያገባ ሲል እናቱ እትዬ ውባለም በግቢያቸው ውስጥ ለሙሽሮቹ አዲስ ቤት አሠሩ፤ ሳሎንና መኝታ ቤት። ሙሽራዋ ትብለጥ ትባላለች፤ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የአቀስታ ልጅ ናት። እትዬ ውባለም ከመጀመሪያውም ልጅቷን አልወደዷትም ነበር፤ ለልጃቸው ያሰቡለት እዚሁ ከተማ ውስጥ የነጋዴ ልጅ ነበረች። ቤቱን ያሠሩት ግን ለስማቸው ነው። "ወለሉ ፊት የሚታይበት ይሁን" አሉኝ። ሠርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ መሆን ነበረበት፤ ጾሙ ከገባ እስከ ፋሲካ ማግስት ሠርግ የለም። ጥሪው ተነግሯል፤ ጠላው ተጠንስሷል፤ የሚታረደው በሬ ግቢው ውስጥ ታስሯል። ሊሾው ግን ገና አንድ ወር እንኳ አልሞላውም። በእኛ ብርድ ሲሚንቶ ቶሎ አይደርቅም። ላዩ ነጥቶ ደረቅ ይመስላል እንጂ ሆዱ ውሃ ነው።

ለዚህ አንድ መፈተኛ አለ። ቁራጭ ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግ ነው። በማግስቱ ሲገለጥ ደረቅ ከሆነ ይነጠፋል፤ ጠብታ ካለበት ይጠበቃል። ይኸው ነው፤ ሌላ ፍልስፍና የለውም። አደረግሁት። የሳሎኑ መሀል ላይ አሸግሁና አደርሁ። ጧት መጥቼ ገለጥሁት። ላስቲኩ ከስሩ አልቦት ነበር። ጠብታው እርስ በርሱ እየተያያዘ ይወርዳል፤ ያረፈበት ሊሾ ጠቁሯል።

ገና በርከክ ብዬ እያየሁት እትዬ ውባለም በሩ ላይ ቆሙ።

"እህሳ ኢንጂነሬ፣ ዛሬ ትጀምርልኛለህ አይደል?"

ጠረግሁት። ላስቲኩን በእጅጌዬ ጠረግሁት፤ ሊሾውንም በመዳፌ ጠረግሁት። "እጀምራለሁ" አልሁ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ከማን ደብቄ ነው የጠረግሁት? እሳቸው ጠብታውን ቢያዩት ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ከእሳቸው መደበቅ አላስፈለገኝም። የጠረግሁት ከራሴ ነው። "አልደረቀም፣ መጠበቅ አለበት" ብል ምን ይመጣ ነበር? ይጮሁብኝ ነበር። ሙሽሮቹ ሊሾው ላይ ምንጣፍ ጥለው ይገቡ ነበር። ሰው ሁሉ ቤቱን ሊያይ ሲመጣ የኔ ወለል አይኖርም ነበር። ይኸው ነው ያስፈራኝ። የኔ ወለል እንዳይቀር ብዬ ጠረግሁት።

እንዲህም ሆኖ አንድ መዳኛ ነበረኝ። ከፎሙ ስር የሚነጠፍ ወፍራም ላስቲክ ከደሴ አስመጥቼ ነበር፤ እርጥበቱን እዚያው ታች ያፍነዋል። ደንበኛ መፍትሔ ባይሆንም ብዙ ነገር ያተርፍ ነበር። ጥቅሉ በረንዳው ላይ ቆሟል። ልዘረጋው ስወጣ የጌታሁን አጎት ጋሽ ተፈራ፣ የዳሱ ሥራ ኃላፊ፣ ትከሻቸው ላይ አድርገውት ሊሄዱ አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ የወለሉ ነው።"

"የቱ ወለል?"

"ከወለሉ ስር የሚነጠፍ ነው።"

"ከወለሉ ስር?" ዳሱን የሚሠሩት ሰዎች ወዳሉበት ዞሩ። "ሰማችሁ ወይ! ወለሉ ብርድ ይዞታል፤ ጋቢ ይልበስ እያለ ነው!" ሰዎቹ ሳቁ። "ሰማዩን ተመልከተው እንጂ አንተ ልጅ! ሰው ዝናብ ይምታው፣ ወለል ይሙቀው? አብሽር፣ ከሠርጉ ማግስት እመልስልሃለሁ።"

"ከሠርጉ ማግስት ምን ያደርግልኛል?" ማለት ነበረብኝ። ላስቲኩን ከትከሻቸው ላይ ማውረድ ነበረብኝ። እኔ ግን ከሰዎቹ ጋር ሳቅሁ። "ይሁን ጋሼ" አልሁ። ወደ ውስጥ ገባሁና ፎሙን በእርጥብ ሊሾ ላይ፣ ወለሉን በፎሙ ላይ አነጠፍሁ። አነጣጠፌ እንዳያሳፍረኝ ከግድግዳው ዳር የሚተወውን ክፍተት እንኳ አጠበብሁት፤ እትዬ ውባለም "ይሄ ምንድን ነው፣ የአይጥ መንገድ ነው?" ስላሉ ጥርቅም አድርጌ አጋጠምሁት። ጥርቅም ያለው ያምር ነበር።

በሠርጉ ቀን ትንሽ ካፊያ መጣ። ዳሱ ውስጥ ከሽማግሌዎች አጠገብ የክብር ቦታ ሰጥተውኝ ተቀምጬ ነበር። ቀና ስል ላስቲኬን አየሁት። ሰው ሁሉ ጋሽ ተፈራን "ይሄ ላስቲክ ባይኖር በስብሰን ነበር" እያለ ያመሰግናል። ከወለሉ ስር መሆን የነበረበት ነገር ከራሴ በላይ ተዘርግቶ፣ እኔ ከስሩ ተቀምጬ ጥሬ ሥጋ እበላለሁ። ሰዎች እየተነሡ ጫማቸውን አውልቀው ወለሉን ያያሉ፤ ሲመለሱ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋሉ። አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ስሄድበት ውሃ ላይ የምሄድ መሰለኝ" አሉኝ። እሳቸው ማድነቃቸው ነበር። እኔ የያዝሁትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለስሁት።

ትብለጥን በደንብ ያየኋት በመልሱ ሰሞን ነው። ዞኮሎ ሳስተካክል መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

"ይሄን እንዴት ነው የማጸዳው? የኛ ቤት ሊሾ ነው፤ ውሃ ደፍቼ ነው የማጥበው።"

"ውሃ እንዳታፈሺበት። በጨርቅ ማበስ ብቻ።"

"እርጥብ ጨርቅ?"

"ጨምቀሽ። ጠብ እስከማይል ድረስ።"

"ጠብ እስከማይል" አለች ለራሷ። ተነሥታ ሄዳ ጨርቅ ነክራ፣ ጨምቃ፣ ፊቴ አንጠልጥላ አሳየችኝ። "እንዲህ?" "ትንሽ ጨምሪበት።" ደግማ ጨመቀችው፤ ጠብ አላለም። ይህን አይቻለሁ። ይህች ልጅ አንዴ የነገሯትን እንደማትስት በዓይኔ አይቻለሁ። በኋላ ያደረግሁትን ሳደርግ ይህን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

ከፋሲካ በኋላ ወለሉ ተነሣ። ሳሎኑ መሀል ላይ እንደ ድንኳን ብድግ አለ፤ የየቁርጥራጩ ጠርዝ ቀና ቀና ብሎ እግር ይነካል። ጌታሁን መንገድ ላይ ነበር። እትዬ ውባለም ያልወደዷትን ምራት የሚከሱበት ነገር አገኙ። "እንደ አገሯ ሊሾ ውሃ እየደፋች ቤቴን አበሰበሰችው!" ትብለጥ አልደፋሁም አለች። "ትዋሻለችም!" አሉ። ነገሩ ከወለሉ አለፈ። ወለል ይጠገናል፤ ዋሽታለች የተባለች ምራት ግን በዚያ ቤት መኖር አትችልም። እየከረረ ሲሄድ አባቷ ከአቀስታ ተጠሩና ሽማግሌ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጎረቤታቸው ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ለዕርቅ የሚጠራቸው ሰው። ሁለተኛው የንስሐ አባቴ ናቸው። አሁን ገባችሁ? ለእሳቸው ሄጄ "አባቴ፣ ያን ቀን ፊትዎ ዋሽቻለሁ፤ በኔ ውሸት ፈርደዋል" ማለት ነበረብኝ። ስንት ጊዜ ፊታቸው ቀረብሁ! ስንት ጊዜ ተራ ተራውን ኃጢአት ዘርዝሬ "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ "ሌላ የለም" አልሁ!

እኔ ስጠራ ትብለጥ ምላ ጨርሳ ነበር። በር ላይ ስደርስ የሰማሁት የመጨረሻውን ነው፦ "መድኃኔዓለምን፣ ውሃ አላፈሰስሁም። ጨምቄ ነው የማብሰው።" አባቷ በሩ አጠገብ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀምጠዋል። እትዬ ውባለም "መድኃኔዓለምን ትጥራ እንጂ፣ እሱ ምን ቸገረው!" ይላሉ። ቄሱ "ተይ ውባለም፤ አንቺም ልጄ መሐላ አታብዢ" ይላሉ።

"ምን ያከራክረናል?" አሉ ጋሽ እንድሪስ። "በአላህ፣ ባለሙያው ይኸው መጣ። ገልጦ ይየው። እሱ ያለውን እንቀበላለን፤ ተስማማን?"

ሁሉም ተስማማ። ትብለጥም ተስማማች። ስታየኝ ፊቷ ፈካ። ጨርቁን እንዳየሁ ታውቃለች። ምስክሬ መጣልኝ ብላ ነው የፈካችው።

ዞኮሎውን ነቀልሁ። ወለሉ ግድግዳውን ገፍቶ መሄጃ አጥቶ ነው የተነሣው፤ መሄጃ ያሳጣው ያጠበብሁት ክፍተት ነው። መሀሉን ገለጥሁ። ላዩ ጥርት ብሏል፤ ስሩ ጠቁሯል፤ ፎሙ ከታች አልቦታል። ከዚያ ቁም ሣጥኑን አስነሥቼ ከስሩ ገለጥሁ። ከሠርጉ ጀምሮ ያልተነሣ፣ ጨርቅም መጥረጊያም ያልደረሰበት ቦታ ነው። እዚያም ስሩ ጥቁር ነበር። ሽታው ወጣ፤ የታፈነ ሊሾ ሽታ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ከላይ የፈሰሰ ውሃ ሰው በሚያብስበት መንገድ፣ በበርና በመስኮት ዳር ያበላሻል እንጂ ሣጥን ስር ገብቶ እኩል አያጠቁርም። ቁርጥራጩን እጄ ላይ ይዤ ሁሉንም አነበብሁት። አንድም የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም።

"እህ፣ የኔ ልጅ" አሉ ጋሽ እንድሪስ። "ውሃው ከላይ ነው ከታች?"

ጥያቄው ይኸው ነበር። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ማንም ሊጠይቀኝ አይችልም። ሁለት ቃል ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ማለት ብቻ ነው።

"ከላይ ነው" አልሁ።

ትብለጥ አላለቀሰችም። እጄ ላይ ያለውን ቁራጭ እያየች፣ ቀስ ብላ፣ "ታዲያ ለምን ከስር ጠቆረ?" አለች።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። እሷው በር ከፈተችልኝ። "ልክ ነሽ፣ ልየው እስቲ" ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን እንደ አስተማሪ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ከላይ የሚገባው ውሃ በመጋጠሚያው ሰርጎ መውጫ ሲያጣ ስር ይተኛል፤ የሚያጠቁረው እሱ ነው" አልኋት። ይህ ነገር ሐሰት አይደለም፤ እንዲህ የሚሆንበት ቦታ አለ። እዚያ ግን አልሆነም። ያን ሁሉ ዓመት ከቪዲዮ ለቅሜ የሰበሰብሁትን እውቀት አንዲት ሴት አፍ ላይ ለመክደን ተጠቀምሁበት። እኔ የማውቀውን አታውቅማ! ዝም አለች።

ዝምታዋን ሁሉም እንደ ማመን ቆጠሩት። እትዬ ውባለም እልል ማለት ነው የቀራቸው። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። አባቷ ተነሡ። "የኛ ቤት ልጅ በሐሰት አትምልም ነበር" አሉ፤ ለማንም አልነበረም፣ ለከዘራቸው ነው የነገሩት። ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ጌታሁን ከመንገድ ሲመለስ እናቱ ነገሩት፤ ወደ አቀስታ ይሄዳል ሲባል ቀረ፤ ዘመድ ላከና ፈታት። አንድ ቀን መንገድ ላይ "እውነት ከላይ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ከላይ ነው" አልሁት። ሁለተኛ ነው ይሄ። ለሁለተኛው ምን ሰበብ አለኝ? ሽማግሌ አልነበረ፣ ሰው አልከበበኝ። ከመኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ሚስቱን እንድመልስለት ነው የጠየቀኝ።

ከዚህም የባሰ አለ። ወለሉን እንደገና እንድሠራው እኔኑ ጠሩኝ። ሁሉንም አነሣሁ። "የፈሰሰው ውሃ ይውጣ" ብዬ ሊሾው እስኪደርቅ ክፍቱን አስቆየሁት፤ ላስቲክ አሽጌ ሞከርሁ፤ ደረቅ ሆነ። አዲስ ወፍራም ላስቲክ አነጠፍሁ፤ ክፍተቱን በትክክል ተውሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ የሠራሁት ወለል የለም። እስከ ዛሬ ውልፍት አላለም። እትዬ ውባለም እንግዳ ሲመጣ እግራቸውን መታ መታ እያደረጉበት፣ "ይኸው፣ ያቺ ከሄደች ወዲህ አንድ ቀን ብድግ ብሎ አያውቅም" ይላሉ። ሰው ሁሉ ያምናል። ለምን አያምን? ጥሩ አድርጌ የሠራሁት ሥራ በትብለጥ ላይ ይመሰክራል። ባለፍሁ ቁጥር ያን ወለል በመዶሻ መሰባበር ያምረኛል።

ለዓመታት ሌላ ሰው ስከስ ኖርሁ። ጋሽ ተፈራ ላስቲኩን ባይወስዱ! እትዬ ውባለም ባያጣድፉኝ! ጾሙ ባይደርስ! ብርዱ ባይከብድ! የሠራውን ሰው በሠራው ሥራ ላይ ምስክር አድርጎ ማቆም ምን የሚሉት ሽምግልና ነው? ሌላ አናጢ ጠርተው ለምን አላሳዩም? ንዴቴ ለሁሉም ይበቃል፤ ለሁሉም አካፍዬዋለሁ። ግን ስንቱን ዞሬ መጥቼ የማገኘው ያችኑ እጅጌዬን ነው። ማንም እጄን ይዞ አላስጠረገኝም። ማንም "ከላይ በል" አላለኝም። የፈራሁት ምን ነበር? በሳምንቱ ሌላ ቤት ልጀምር ነበር፤ "ኢንጂነሩ የሠራው ተነሣ" እንዳይባል ነው። አንዲት ሴት ትዳሯንና ቃሏን ስታጣ እኔ ቅጽል ስሜን አተረፍሁ።

በቅርቡ አቀስታ አንድ ነጋዴ ቤት ልሠራ ሄድሁ። ገበያ ቀን ነበር። የሱፍ ባና ከሚሸጡት ሴቶች መሀል አንዷ ጠራችኝ።

"ኢንጂነር! አንተ አይደለህም እንዴ? ምነው ጆሮህ እንደ በርበሬ ቀላ? ና፣ ባና ግዛና ተከናነብ፤ የቦረና ሰው ብርዳችንን አይችለውም!"

አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ትብለጥ ነበረች። ከስታለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው። እግሬ መሄድ ፈለገ። ከሴቶቹ ነጠል ብላ መጣችና ድምጿን ቀነሰች።

"እንኳን አገኘሁህ። የምነግርህ ነገር ነበረኝ።"

ያወቀች መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ትሳደብ፣ ትጩህ፣ ገበያው ይስማ ብዬ ቆምሁ።

"ይቅር በለኝ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ወለልህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ስምል የማልሁት እውነት መስሎኝ ነበር። ኋላ እዚህ መጥቼ ሳስበው ሳስበው ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ በሩ አጠገብ የእግር መታጠቢያ ሳፋ ተደፍቶብኛል። ወዲያው ጠርጌዋለሁ፤ ምንም የሚያደርግ አልመሰለኝም። አንተ ከላይ ነው ስትል እሱ ነው ለካ። ረስቼው ነው የማልሁት። ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸውና ቀኖና ሰጡኝ፤ ጾሜ፣ ሰግጄ ጨረስሁ። አንተን ይቅርታ አለመጠየቄ ብቻ ነበር የቀረኝ። ስንት ለፍተህበት! እጄ አይበጅም መሰለኝ፣ እናቴም ቤት ዕቃ ስነካ እፈራለሁ።"

በር ላይ የተደፋ አንድ ሳፋ። ወዲያው የተጠረገ። ያ ሳሎኑ መሀልና ቁም ሣጥኑ ስር ያለውን ፎም ሊያርስ! አቀስታ ቁጭ ብላ፣ የኔን ውሸት እውነት የሚያደርግላት ነገር በትዝታዋ ውስጥ ፈልጋ ፈልጋ አገኘች። እኔን ከምትጠረጥር ራሷን ጠረጠረች። በኔ ኃጢአት ጾመች። በኔ ኃጢአት ሰገደች።

እኔ ምን አልሁ? እዚያ ገበያ መሀል፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አፌን ከፍቼ ምን ያልሁ ይመስላችኋል?

"እግዜር ይቅር ይበልሽ" አልኋት።

ይቅርታ ሰጠኋት። "ምንም አይደል፣ ያለፈ ነገር ነው" ብዬ ጨመርሁበት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እፎይ አለች። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ አንድ ባና አንሥታ በነጻ ካልሰጠሁህ ብላ ታገለችኝ። አልቀበልም ብዬ ሮጥሁ። ጠብታውን የጠረግሁ ቀን ፈሪ ነበርሁ። "ከላይ ነው" ያልሁ ቀን ውሸታም ነበርሁ። የአቀስታውን ቀን ምን እንደምለው አላውቅም፤ ስም አላገኘሁለትም።

ጌታሁን ሌላ አግብቷል፤ ወልዷል። እውነቱን ብናገር ትዳሯ አይመለስም። አንዳንዴ "እንግዲህ ምን ይጠቅማል?" የሚል ድምፅ ይመጣብኛል። ይህ ድምፅ ያው የዱሮው ነው፤ "እጀምራለሁ" ያለው ነው። ይጠቅማል። አባቷ ልጃቸው በሐሰት እንዳልማለች ይሰማሉ። እሷም ዕቃ ስትነካ አትፈራም። ለእኔ ምንም ባይጠቅም ይሄ ለእነሱ ይበቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለንስሐ አባቴ፣ ቀጥሎ ለጋሽ እንድሪስ እናገራለሁ፤ ፈቃዳቸው ከሆነ ይዣቸው አቀስታ እሄዳለሁ። እትዬ ውባለምም ከእኔው አፍ ይስሙት። በገበያ ቀን፣ ባናዋን ከዘረጋችበት ፊት ቆሜ፣ አባቷ እየሰሙ እነግራታለሁ። ሳፋው ምንም አላደረገም እላታለሁ። እርጥቡን አይቼ ነው ያነጠፍሁት፤ አይቼ ነው የዋሸሁት እላታለሁ። በገበያው የሰጠኋት ይቅርታ የኔ አልነበረም፤ ይቅር የሚባል ጥፋትም አልነበረሽም እላታለሁ። ከዚያ ትበለኝ ያለችውን ትበለኝ።

ይቅር በይኝ ግን አልላትም። አውቃታለሁ፤ ካልኋት እዚያው በቆመችበት ይቅር ትለኛለች።